ሁለት መቶ ዓመት ያልሞላው ቤት

በሥራዬ የመጀመሪያ ቀን የተሰጠኝ ትእዛዝ እጄን ኪሴ ውስጥ እንድከት ነበር።

ቢሮው ፍራንክፈርት ውስጥ ቦከንሃይም የሚባል ሰፈር ነው፤ ከላይፕሲገር ሽትራሰ አንድ መንገድ ገባ ብሎ፣ ከጫማ አዳሽ ሱቅ በላይ። አለቃዬ ፍራው፣ ማለትም ወይዘሮ፣ ብሬመር ይባላሉ። አሮጌ ቤት ከመታደሱ ወይም ከመፍረሱ በፊት ገብተው ይለካሉ፣ ይስላሉ፣ የትኛው ክፍል በየትኛው ዘመን እንደተሠራ ይጽፋሉ። እኔ የሄድኩት ለፕራክቲኩም፣ ለሥራ ልምምድ፣ ነበር። አዲስ ደብተር፣ የተቀረጹ እርሳሶችና ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ ይዣለሁ። ሁሉንም ጠረጴዛው ላይ እንድተው አደረጉኝ።

"ውጪና ከመንገዱ ማዶ ካለው ቤት ፊት ቁሚ" አሉኝ። "እጅሽን ኪስሽ ክተቺ። አትሳዪ፣ ፎቶ አታንሺ። ሲበቃሽ ተመልሰሽ ያየሽውን ንገሪኝ።"

ወጣሁ፣ ቆምኩ፣ ተመለስኩ።

"የሚያምር አሮጌ ቤት ነው" አልኩ።

"ማማሩን አልጠየቅኩሽም። ማርጀቱንም ገና አላወቅሽም። ስንት መስኮት አለው? በሩ መሃል ላይ ነው ወይስ ጥግ? ከመስኮቶቹ ከሌሎቹ የሚጠብ አለ?"

አላወቅኩም። ተመልሼ ወጣሁ። ያን ቀን ስገባ ስወጣ ዋልኩ። ጫማ አዳሹ ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ "ቤት ጠፍቶሽ ነው?" እያለ ሳቀብኝ። ወደ ማምሻው ላይ ግን ከታች ካሉት መስኮቶች አንዱ ከሌሎቹ በእጅ ስፋት እንደሚጠብና ከሥሩ ያለው ልስን ቀለሙ ትንሽ እንደሚለይ አየሁ።

"እዚያ ጋ በር ነበረ" አልኩ። "ደፍነውት መስኮት አደረጉት።"

ፍራው ብሬመር ወንበር ሳቡልኝ። "ነገ ደብተርሽን ይዘሽ መምጣት ትችያለሽ" አሉ።

የቢሮው አሠራር ይህ ነው። መጀመሪያ ይቆጠራል፤ ከዚያ ስም ይሰጠዋል፤ ዕድሜ የሚነገረው በመጨረሻ ነው። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተገላቢጦሹን ነው። ቤቱን ገና ሲያይ ዕድሜውን ይናገርና ከዚያ ማስረጃ ፍለጋ ይዞራል።

ከፕራክቲኩሙ በኋላ አውስቢልዱንጉን፣ የሙያ ሥልጠናውን፣ እዚያው ጨረስኩና የግንባታ ሥዕል ሠራተኛ ሆንኩ። ዛሬ ቤት በስሜ ይመደብልኛል። ሪፖርቱን እኔ እጽፋለሁ፣ ፍራው ብሬመር ያርሙታል፣ ሁለታችንም እንፈርማለን።

ቦርሳዬ ውስጥ የሌዘር መለኪያ፣ ሜትር፣ ቱንቢ፣ ውሃ ልክ፣ የሐኪም ቤት የሚመስል ቀጭን ምላጭና ዘንግ ላይ የታሰረ ትንሽ መስታወት አይጠፉም። ከሁሉም የምወደው ግን የእጅ ባትሪውን ነው። ባትሪ ፊት ለፊት ካበራችሁበት ግድግዳ ይዋሻል፤ ሁሉም ነገር ለስላሳ ይመስላል። ከጎን አስጠግታችሁ ስታበሩት የተደፈነው በር፣ የተነቀለው መደርደሪያ፣ መላጊያው የሄደበት መንገድ ሁሉ ጥላ ያወጣል። በእጅ የተላገ እንጨት ነፋስ እንደነካው ኩሬ ይሞገዳል፤ አንዱ ሞገድ ሌላውን አይመስልም። በማሽን የተላገው ግን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ እኩል እኩል የተሰለፈ ጭረት አለው። ይህን አንዴ ካያችሁ በኋላ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሻይ መጠጣት ያስቸግራል፤ ከጠረጴዛው ሥር ማየት ያምራችኋል።

ቬስትኤንድ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ሃውስማይስተር፣ የሕንፃ ጠባቂ፣ በሩ ላይ አስቆመኝ። "የጽዳት ሠራተኛ የሚገባው በጓሮ በኩል ነው" አለኝ።

"እኔ የማጸዳው በፊት ለፊት በኩል ነው" አልኩትና ሌዘሩን ደረጃው ሥር አቆምኩ።

ጥቂት ቆይቶ መጣና ምን እንደምሠራ ጠየቀ። ደረጃው በአንድ ጎኑ ዝቅ ማለቱን አሳየሁት።

"እኔ እኮ ሁሌ እላለሁ!" ብሎ ጮኸ። "ሚስቴ ናት፣ ሰክረህ ነው የምትለኝ።" ከዚያ በኋላ ክፍሉን ሁሉ ራሱ እየከፈተ አዞረኝ።

እዚያው ሰፈር አንዲት አሮጊት ባለቤት የሳሎናቸው ኮርኒስ ላይ ያለውን የልስን አበባ እየጠቆሙ "ጣሊያናዊ ባለሙያ በእጁ የሠራው ነው" አሉን። እኔ መሰላል ላይ ነበርኩ። አበቦቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የአንዱ ቅጠል ጫፍ የተቆረጠበት ቦታ የሌሎቹም ተቆርጧል። በአንድ ቅርጽ የወጡ ናቸው። ምን ብዬ እንደምናገር ግራ ገባኝና ወደ ታች አየሁ።

ፍራው ብሬመር ግን አልተጨነቁም። "ፋብሪካ ነው የሠራው" አሏቸው። "ግን ጎበዝ ፋብሪካ ነበር። ዛሬ እንዲህ የሚሠራ የለም፤ እንዳያስነኩት።" ሴትዮዋ ትንሽ አኮረፉ፣ ከዚያ ኬክ አመጡልን። እውነት ሲነገር አብሮ የሚነገር ጥሩ ነገር ካለ እሱም መጻፍ እንዳለበት የተማርኩት እዚያ መሰላል ላይ ሆኜ ነው።

ኒድ በሚባለው ሰፈር ያለው ቤት ሲመጣ ሥራውን በደንብ አውቀው ነበር። ቤቱንም አውቀዋለሁ። ከኒዳ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ከረጃጅም ዛፎች ኋላ የቆመ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ከጀርባው የተቀጠለ አዳራሽ አለ፤ የእናቴ ቤተ ክርስቲያን እሑድ እሑድ የሚሰበሰበው እዚያ ነበር። ቁልፉን የምትይዘው እናቴ ናት። ቀድማ ትከፍታለች፣ ማሞቂያውን ታበራለች፣ ወንበር ትደረድራለች፣ መጨረሻ ላይ ትዘጋለች። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ቢሮ የምታጸዳ ሰው ናት። እሑድ ያንን አዳራሽ ስታጸዳ ግን ማንም ቆሞ አያዛትም፤ የራሷ ቤት ነበር።

ቤቱን ሄር ፎግት የሚባል ሰው ከአክስቱ ወረሰው። አዳራሹን አፍርሶ ዋናውን ቤት በትናንሽ ቢሮዎች ሊከፋፍል አሰበ፤ ያ ካልተፈቀደለት ደግሞ ጠቅላላውን አፍርሶ አዲስ ሊሠራ። የቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ "መጀመሪያ ቤቱ ምን እንደሆነ ይጠና" አለ። ጥናቱ ለእኛ ደረሰን።

"የዚህ ቤት አዳራሽ ቁልፍ እናቴ ጋ ነው" አልኳቸው ለፍራው ብሬመር።

"ጥሩ፣ በር መስበር አይኖርብንም" አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። "ነገሩን ለሄር ፎግትም ለመሥሪያ ቤቱም አስቀድሜ እናገራለሁ። እኔም እያንዳንዱን መስመር አጣራለሁ። ትችያለሽ?"

"እችላለሁ።"

የመጀመሪያ ቀን አብረን ሄድን። ፍራው ብሬመር ከግቢው በር ሳያልፉ ቆመው ሳቁ። "ይሄ ደግሞ ከየት መጣ? የፍራንክፈርት ቤት አይደለም እኮ!"

እውነታቸውን ነው። ልጅ ሆኜ በጎኑ አልፌ ወደ አዳራሹ ስገባ ኖሬ አንድም ቀን አላየሁትም። አሁን ቆጠርኩት። ፎቁ ላይ አምስት መስኮት፤ ከታች አራት መስኮትና በመካከላቸው በር። ቤቱን መሃል ለመሃል ብታጥፉት ግራው ቀኙ ላይ ልክክ ይላል። ፊቱ ጠፍጣፋ ቀይ ጡብ ነው። ጌጡ ሁሉ ወደ በሩ ተሰብስቧል። ከበሩ ግራና ቀኝ ቀጫጭን ዓምዶች፣ ከነሱ ጎን ጠባብ ቋሚ መስኮቶች፣ ከበላይ ደግሞ በተዘረጋ ማራገቢያ አምሳል የተሠራ ግማሽ ክብ መስኮት። ጣሪያው ለጥ ያለ ነው፤ እንደ ጎረቤቶቹ አይሾልም። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ትናንሽ እንጨቶች እንደ ጥርስ ተደርድረዋል። መስኮቶቹም እንደ ጀርመን መስኮት ወደ ውስጥ አይከፈቱም፤ ወደ ላይ ይንሸራተታሉ።

"ስሙን ንገሪኝ" አሉ ፍራው ብሬመር።

"ፌደራል" አልኩ።

ከመጽሐፍ ነበር የማውቀው። አሜሪካ ከእንግሊዝ ነጻ ከወጣች በኋላ በምሥራቅ ጠረፍ ከተሞቿ ነጋዴዎችና የመርከብ ባለቤቶች ያሠሩት የነበረ የቤት ዓይነት ነው። ክብደት አይወድም። ዓምዱ ይቀጥናል፣ ጌጡ ይሳሳል። ውስጡ ክብና ሞላላ ቅርጽ ይበዛበታል፤ ደረጃው ግድግዳውን ተደግፎ እየዞረ ይወጣል። በሩን ስንከፍት ደረጃው እንዳልኩት እየዞረ ወደ ላይ ወጣ።

"ዕድሜውስ?"

"ገና ነው።"

"ጎበዝ" አሉ፤ ገባን።

ቤት ስደርስ ለእናቴ ነገርኳት።

"ፌደራል?" አለች። "ፖሊስ ነው እንዴ?"

ሳቄ እስኪያልቅ ጠብቃ አስረጂኝ አለች፣ አስረዳኋት። እሷ ለፓስተር ዳንኤል ነገረቻቸው። ፓስተር ዳንኤል በአዘቦት ቀን የከተማ አውቶቡስ ይነዳሉ፤ ነገር ሲጀምሩ እስከ መጨረሻው ፌርማታ የሚሄዱ ሰው ናቸው። ስልካቸው ላይ ፈልገው የአንድ አሜሪካ ውስጥ ያለ ቤት ሥዕል አገኙ። ያው በር፣ ያው ዓምድ፣ ያው ማራገቢያ። ከሥሩ ቤቱ ሁለት መቶ ዓመት እንዳለፈው ተጽፏል።

በሚቀጥለው እሑድ ሥዕሉን ግድግዳው ላይ አበሩት። "ወገኖቼ፣ ቤታችን ይህ ነው! ሁለት መቶ ዓመት! በዚህ አገር ሁለት መቶ ዓመት የሞላውን ቤት ማንም አይነካውም!"

ሕዝቡ አሜን አለ። እናቴ አለቀሰች።

ሌላ አዳራሽ ይፈልጉ የነበሩት ሰዎች ፍለጋውን ያን ዕለት አቆሙ። የአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ሊያዩ ቴርሚን ተይዞላቸው ነበር፤ ቀጠሮውን ሰረዙ።

ሲወጡ ፓስተሩን በር ላይ ያዝኳቸው። "ፓስተር፣ ዕድሜው ገና አልታወቀም።"

"አንቺ ደግሞ! ሥዕሉን አላየሽም? ቁርጥ የእኛው በር ነው።"

"በሩማ ይመስላል።"

"ታዲያ?"

"የአባቴን ኮት ብለብስ አባቴን አልሆንም።"

"አፍሽ አያርፍም" አሉና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሄዱ።

የበሩን ዕድሜ ለማወቅ ቀለሙን እንጠይቃለን። በምላጭ ቀለሙን ንብርብር በንብርብር እንልጠዋለን፤ እያንዳንዱ ቀለም ጣት የሚያህል ቦታ ላይ ብቻ ተገልጦ ይቀራል፤ ሲያልቅ ወደ እንጨቱ የሚወርድ ትንሽ ደረጃ ይመስላል። ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። የኒዱ በር ግን ሥራውን አቀለለልኝ።

የእናቴ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች በየዓመቱ በእንቁጣጣሽ ሰሞን የበሩን ሁለት መቃኖች ዘይት ቀብተው ይጸልያሉ። የአዳራሹን በር ብቻ አይደለም፤ "የግቢው ራስ እሱ ነው" ብለው የዋናውንም በር ይቀባሉ። የሄር ፎግት አክስት በሕይወት ሳሉ እሳቸውም አብረው ይቆሙ ነበር። ከዓመት ዓመት እጅ በሚደርስበት ቁመት ላይ ሰሃን የሚያህል ጥቁር ወዝ ተፈጥሯል። አዲስ ቀለም እዚያ ላይ አይዝም፤ የድሮውም ላልቷል።

ምላጬን ሳስጠጋው ቀለሙ በሙሉ እንደ ድንች ልጣጭ ተጠቅልሎ ወረደ። ንብርብሩ ከጎን ይታያል፤ ጥቂት ነው። ሁለት መቶ ክረምት ያየ በር ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይቀባል። ባትሪውን ከጎን አበራሁ። ባዶው እንጨት ላይ የማበጠሪያ ጥርስ፣ እኩል እኩል። የማሽን መላጊያ ነው። መቃኑን የያዘውን ምስማር አየሁ፤ ክብ፣ ከሽቦ የተቆረጠ የፋብሪካ ምስማር፤ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ምስማር የሚሠራው እንዲህ አልነበረም። ጣሪያው ሥር ወጥቼ የማገሮቹን ምስማር አየሁ፤ ያው ነው። ደረጃውም፣ መስኮቶቹም እንዲሁ።

ሄር ፎግት ስንጠይቀው "የአክስቴ አያት አሜሪካ፣ ባልቲሞር የሚባል ከተማ ውስጥ ሠርቶ ነው የተመለሰው ይባላል" አለ። "ቀለም ነጋዴ ነበር። እዚያ ያየውን ቤት እዚህ አሠራ።" ነገሩ ሁሉ ገጠመ። ቤቱ የተሠራው ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። የጀርባው አዳራሽ ደግሞ ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ በብሎኬት የተቀጠለ፣ ምንም የሚጠበቅ ነገር የሌለው ክፍል ነው።

እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

"አልሞላም" አልኳት።

"ምኑ?"

"ሁለት መቶው። ከግማሹ ትንሽ ቢያልፍ ነው።"

መክተፏን አላቆመችም። "ከአንቺ ሌላ ማን ያውቃል?"

"እንጨቱ።"

"እንጨት አይናገርም።"

"ዘይት ቀብታችሁ አናገራችሁት።"

ቢላዋውን አስቀመጠች። "ስሚ ቤዛ። ስድስት ቀን ሙሉ ሰው ስሜን አይጠራም። 'ሰላም' ብሎኝ ባልዲዬን ተሻግሮ ያልፋል። እዚያ አዳራሽ ስገባ እህት አልማዝ ነኝ። መቶ ዓመት ብትጨምሪ ማን ይሞታል?"

"ማንም አይሞትም። ግን ሄር ፎግት ሌላ ባለሙያ ካመጣ በአንድ ቀን ይወጣል። ያኔ የጻፍኩትን እውነትም ማንም አያምነውም፤ ቤቱ በሙሉ ይፈርሳል።"

"እውነቱስ ምን ጠቀመን?"

ታናሽ ወንድሜ ከሳሎን በጀርመንኛ "ማማ፣ ተያት፣ ሥራዋ ነው" አለ።

"አንተን ማን ጠየቀህ?" አለችው። ወደ ሽንኩርቱ ተመለሰች፤ ከዚያ በኋላ እኔን አላናገረችኝም።

ለፓስተር ዳንኤልም ራሴ ነገርኳቸው። የአውቶቡስ ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ቁጭ ብለው ሰሙኝ። "ከመድረክ የተናገርኩትን ከመድረክ አርማለሁ" አሉ፤ አረሙም። ትምህርት ቤቱ ጋ ሲደውሉ ግን አዳራሹ ለሌሎች ተሰጥቷል። ሕዝቡ አሁን ቤቱም የለውም፣ ተለዋጩም የለውም። አንዳንዶቹ በአጠገቤ ሲያልፉ ሰላምታቸው አጠረ።

እኔ ሥዕሉን መጨረስ ነበረብኝ። ቢሮ ተቀምጬ የታችኛውን ወለል ስስል ከመግቢያው በስተቀኝ ያሉት ሁለት ክፍሎች አልገጥም አሉኝ። አንዱ ከፊት ነው፣ አንዱ ከኋላ። የሁለቱን ርዝመት ደምሬ ከቤቱ ርዝመት ስቀንስ በመካከላቸው የሚቀረው ግድግዳ ከውጭው የጡብ ግድግዳ እንኳ ይወፍራል።

"ለክተሽ ተሳስተሻል" አሉ ፍራው ብሬመር።

"አልተሳሳትኩም።"

"እንግዲያው ሂጂና ሳትሳሳቺ ድገሚው።"

ሄጄ ደገምኩት። ያው ነው። በማግስቱ ሁለታችንም ሥዕሉ ላይ ጎንበስ አልን።

"ወፍራም ግድግዳ ምክንያት አለው" አሉ። "ከላይ የሚሸከመው አለ?"

"ከላዩ ግድግዳ የለም።"

"ጭስ ማውጫ?"

"ጭስ ማውጫዎቹ በውጭው ግድግዳ በኩል ናቸው።"

ከዚያ ፍራው ብሬመር "መጽሐፍሽ ስለነዚህ ቤቶች ሳሎን ምን ይላል?" አሉ፤ እኔም እሱን እያሰብኩ ነበር።

"ሁለት ሳሎን ነው፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ። በመካከላቸው ሰፊ በር አለ። እንግዳ ሲበዛ በሩ ወደ ጎን ተንሸራቶ ግድግዳው ውስጥ ይገባል።"

"ቀለም ነጋዴው ሁሉንም ከቀዳ እሱንም ቀድቶታል" አሉና ስልኩን አነሱ።

የደወሉት ለጋሽ ኢድሪስ ነው። ጋሽ ኢድሪስ አስመራ ትምህርት ቤት አማርኛ የተማሩ፣ ፍራንክፈርት ውስጥ አናጢ ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቢሮው በጥንቃቄ የሚከፈት ነገር ሲኖረው ሌላ ሰው አይጠራም።

"ጋሽ ኢድሪስ፣ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው የምንፈልገው" አልኳቸው።

"ጓለይ፣ ልጄ፣ እኔ መች ትልቅ ቀዳዳ አውቃለሁ? ትልቁን የሚያውቁት የዘንድሮዎቹ ናቸው፤ መዶሻ ይዘው ነው የሚወለዱት።"

ሄር ፎግት እጁን አጣምሮ ቆሟል። "አይጥ ከወጣ የእናንተ ነው" አለ።

ጋሽ ኢድሪስ ግድግዳውን በጣታቸው አንኳኩ፣ ጆሯቸውን አስጠጉ፣ አንድ ቦታ መረጡ። ልስኑን በመሮ አንስተው ሣንቃውን በሱ። ዘንግ ላይ ያለውን መስታወት አስገባሁ፣ በጎኑ ባትሪውን አበራሁ። መጀመሪያ አቧራ ብቻ ነበር። ከዚያ የወፍራም እንጨት ጠርዝ፣ ከጠርዙ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ዝገት የያዘ የነሐስ መያዣ።

ጋሽ ኢድሪስ መስታወቱን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አዩ። "ተኝቷል" አሉ። "ማንም አልቀሰቀሰውም።"

መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ሲሰጥ መሃሉን የደፈኑት ሣንቃዎች ተነሱ። እናቴ ያን ቀን መጣች፤ የምትከፍተው ነገር ስለነበረ ሳይሆን አቧራው ወደ አዳራሹ እንዳይገባ ነው፣ መጥረጊያ ይዛ። ጋሽ ኢድሪስ ሐዲዱን ጠርገው ሻማ አሹበት። የግራው በር መጀመሪያ አልንቀሳቀስ አለ። በትከሻቸው ገፋ ሲያደርጉት አንዴ አቃሰተና ወጣ። የቀኙ እንደ መሳቢያ መጣ። አገጣጥመው ዘጉት፣ ከዚያ ሁለቱንም መልሰው ግድግዳው ውስጥ ከተቱት። ከፊቱ መስኮት እስከ ኋላው መስኮት አንድ ረጅም ክፍል ሆነ።

እናቴ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሄደች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እየቆጠረች ነው።

"ጋሽ ኢድሪስ፣ እዚህ ስንት ወንበር የሚገባ ይመስልዎታል?"

"እኔ በር ነው የከፈትኩት፣ ወንበር አላውቅም። የለካችውን ጠይቂያት።"

ወደ እኔ ዞረች። "ስንት ይገባል?"

"ከአዳራሹ ያንሳል" አልኳት። "መሃል መተላለፊያ ከተተወ ጠበብ ይላል። የልጆች ክፍል አይኖርም።"

"ልጆቹ ደረጃው ላይ ይማራሉ" አለች ወዲያው። "ክብ ነው፣ ሁሉም መምህሯን ያያታል።" ከዚያ መጥረጊያውን አነሳች።

ሪፖርቱን እንዲህ ብዬ ጻፍኩ። ቤቱ የፌደራል ዘመን ቤት አይደለም፤ የዚያን ዘመን አሠራር ያወቀና ዝርዝሩን ያልዘለለ ሰው ያሠራው ቅጂ ነው። በዚህ አካባቢ ሌላ እንደሱ ያለ አላገኘንም። ፊቱ፣ በሩ፣ ደረጃውና ሁለቱ ሳሎኖች ከነተንሸራታች በራቸው ሊጠበቁ ይገባል፤ ሳሎኖቹ ሊከፋፈሉ አይገባም። የጀርባው አዳራሽ የሚጠበቅበት ምክንያት የለም። የመጨረሻዋን መስመር ስጽፍ እጄ አልዘገየም፤ ፍራው ብሬመርም አንድ ነጠላ ሰረዝ ብቻ አርመው ፈረሙ።

መሥሪያ ቤቱ ሪፖርቱን ተቀበለ። አዳራሹ ፈረሰ። ሄር ፎግት ረጅሙ ሳሎን መሃል ቆሞ "ይሄን ማን ይከራየኛል? ለቢሮ አይሆን፣ ለመኖሪያ አይሆን" አለ።

ፓስተር ዳንኤል ከሥራ ቀጥታ መጥተው ነበር። "እሑድ እሑድ እኛ" አሉት። "ሌላውን ቀን የፈለጉት ይግቡበት።"

"ዘፈኑስ?"

"መዝሙር ነው።"

"እሱን ነው የምለው።"

"መስኮት ዘግተን እንዘምራለን።"

"አክስቴ ክፍት ሲሆን ነበር የምትወደው" አለ ሄር ፎግት፤ ትንሽ አሰበና እጁን ዘረጋ።

ፍራው ብሬመር አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። "ዘይቱን እንጨቱ ላይ አትቀቡ።"

"ታዲያ ምን እንቀባ?" አሉ ፓስተሩ።

"ሰው ቀቡ።"

ፓስተር ዳንኤል ሳቁ። ለአዛውንቶቹ ሲተረጉሙላቸው እነሱም ሳቁ።

በአዲሱ ክፍል የመጀመሪያው እሑድ ሁሉም አልተቀመጠም። ከኋላ የቆሙ ነበሩ፤ ሁለት ቤተሰብ "ይጠባል" ብለው ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። ልጆቹ ደረጃው ላይ በጀርመንኛ ይንሾካሾካሉ። እናቴ ቀድማ መጥታ ተንሸራታቹን በር ከፍታ ነበር። አጠገቧ ቦታ ይዛልኝ "ነይ እዚህ" አለችኝ፤ ሌላ ነገር አላለችኝም።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምለው አጭር ነው። ቤት የለበሰው አሠራርና የተሠራበት ዘመን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ለየብቻ ጻፏቸው። ለምትወዱት ሰው ብላችሁ ቤት ላይ ዓመት አትጨምሩ። ልኩ አልገጥም ሲላችሁ ደግሞ ሥዕሉን እንዲገጥም አታድርጉት፤ ተመልሳችሁ ግድግዳውን ለኩ።